ስፖንሰር ማለት ዋስ ማለት ነው
ለድሆችና ለልማት ሥራ የሚሆን ሕጋዊ ድጋፍ ስለ መፈለግ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት

መግቢያ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በሚኖሩ ምእመናን መካከል ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ልመና አለ፤ ይኸውም «ለልጄ ስፖንሰር ፈልጉልኝ» የሚል ነው። ልመናው ለቆሞሱ፣ ለደናግል እኅቶች ወይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ይቀርባል። ለማኟም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ናት።

የልመናው ምክንያት የታወቀ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆን፣ ሦስቱም አዲስ አበባን ከበው በፍጥነት ያደጉ ከተሞች ናቸው። የእርሻ መሬት የነበረው ቦታ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻና የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል። መሬቱን የለቀቀ ገበሬና ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት በአንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ ያለ ፈቃድ ተሠርተዋል የተባሉ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ቤተሰቦች መጠለያቸውን አጥተዋል። በዚህ ላይ የኑሮ ውድነት ሲጨመር፣ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ቁጥር ቢበዛ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ ድጋፍ መፈለግ ነውር አይደለም። ነገር ግን ድጋፍ የሚፈለግበት መንገድ ቀና ሊሆንም፣ ጠማማ ሊሆንም ይችላል። በዚህ ጥናት ቀናውን መንገድ ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ከታሪክና ከአገራችን ሕግ አንጻር እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. የቃሉ ትርጉም

«ስፖንሰር» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው። መነሻው «በክብር ቃል መግባት» ማለት ሲሆን፣ በሮማውያን ሕግ ስፖንሶር የሚባለው ለሌላው ሰው ዕዳ ዋስ የሚሆን ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ቃሉን ወስዳ ለክርስትና አባትና ለክርስትና እናት ሰጠችው፤ እነርሱ ለሚጠመቀው ሕፃን እምነት ዋስ ሆነው ይቆማሉና።

በአሁኑ ጊዜ ቃሉ በከተሞቻችን በሦስት መልክ ይነገራል። አንደኛው ስሙን ለማስተዋወቅ ሲል ለስፖርት ወይም ለበዓል ገንዘብ የሚከፍል የንግድ ድርጅት ነው። ሁለተኛው በዐረብ አገሮች «ከፊል» የሚባለው፣ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ በእጁ የሚይዝ አሠሪ ነው። ሦስተኛው የአንድን ልጅ፣ የአንድን ተማሪ ወይም የአንድን የልማት ሥራ ወጪ በቋሚነት ለመሸፈን ቃል የሚገባ ደጋፊ ነው። የእኛ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። የሦስቱ መደባለቅ ብዙ ሰው ለአታላይ እንዲጋለጥ አድርጓልና፣ መምህራን ይህን ልዩነት አስቀድመው ማስረዳት ይገባቸዋል።

ዋስ ስም አለው፤ አድራሻ አለው፤ በዳኛ ፊት ይጠራል። እርሱም ዋስ የሚሆነው ለሚያውቀው ሰው ነው። ስሙን የሚሸሽግ ደጋፊም ሆነ ማንነቱ የማይታወቅ ተደጋፊ በዋስትና ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም። ከዚህ በታች የምናብራራው ሁሉ ከዚህ ቀላል እውነት የሚወጣ ነው።

2. የቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው፣ በቀላውዴዎስ ዘመን ረኀብ በሆነ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ላኩ። ከአገር ወደ አገር ስለ ተላከ የክርስቲያኖች እርዳታ ይህ ጥንታዊ ምስክር ነው። በኋላም ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ከቆሮንቶስና ከመቄዶንያ ገንዘብ ሲሰበስብ የተከተለው ሥርዓት (1ኛ ቆሮ. 16፣ 2ኛ ቆሮ. 8 እና 9) ዛሬም መመሪያ ሊሆነን ይችላል።

አንደኛ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚውል ሰጪዎቹ ያውቁ ነበር። ሁለተኛ፣ መዋጮው በየሳምንቱ በሥርዓት የሚቀመጥ እንጂ በድንገተኛ ስሜት የሚሰበሰብ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ገንዘቡን የሚያደርሱትን ሰዎች የመረጡት አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ሲሆኑ፣ የማስተዋወቂያ ደብዳቤም ይያዝ ነበር። አራተኛ፣ ጳውሎስ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ገንዘቡን ብቻውን መያዝን አልፈለገም፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ከነቀፋ ነጻ መሆን እንደሚገባ አስተምሯል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሒሳብን መሸሽ የሐዋርያው መንገድ አይደለም።

ይህንኑ ትምህርት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (እ.ኤ.አ. 1990) በሕግ መልክ አስቀምጦታል። በቀኖና 1015 መሠረት ማንም ሰው ወይም ማኅበር ከአለቃው ፈቃድ፣ ከአካባቢው ጳጳስም የጽሑፍ ስምምነት ሳያገኝ ምጽዋት ሊሰበስብ አይችልም። ቀኖና 1016 ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ስጦታ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። ቀኖና 1031 ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ የሚያስተዳድር ሁሉ በየዓመቱ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እንግዲህ ለትምህርት ቤት ጣሪያ የተላከውን ገንዘብ ለመኪና ጥገና ማዋል፣ መኪናው ለበጎ ሥራ ቢሆንም እንኳ፣ ሕግ መጣስ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት «ካሪታስ ኢን ቬሪታቴ» በተባለው መልእክታቸው፣ አንዳንድ ጊዜ ለልማት ከታሰበው ገንዘብ ከመጠን በላይ የሆነው ክፍል ለጽሕፈት ቤቶች ወጪ እንደሚውል ገልጸው፣ ድሀው የድርጅት መኖሪያ ምክንያት እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሌላ ደንብም፣ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት በጳጳሱ ክትትል ሥር እንዲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የሚቃረን ዓላማ ካላቸው ወገኖችም ገንዘብ እንዳይቀበል ደንግገዋል።

3. የድጋፍ ታሪክ በአጭሩ

አንድን ሰው ወይም አንድን ሥራ ከሩቅ ሆኖ መደገፍ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ፓውሊን ዣሪኮ የተባለች ወጣት ምእመናንን በዐሥር በዐሥር አደራጅታ በየሳምንቱ አንዲት ሳንቲም ለስብከተ ወንጌል እንዲያዋጡ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2022 ብፅዕናዋ ታውጇል። እ.ኤ.አ. በ1843 የናንሲው ጳጳስ ፎርቤን ዣንሶን ልጆች ልጆችን በጸሎትና በሳንቲም የሚረዱበትን የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ እናትና ልጅ የነበሩት ስቴፋኒና ዣን ቢጋር በስብከተ ወንጌል አገሮች የሚማሩትን የዘርዐ ክህነት ተማሪዎች ለመርዳት የቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ማኅበርን መሠረቱ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ገብተው በፊንፊኔ ያገለገሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር የተሰናበቱት አቡነ ማስያስም ሥራቸው የቆመው በእንዲህ ዓይነቱ የምእመናን ሳንቲም ነበር።

በኋላ ዘመን በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1937) እና ከኮሪያ ጦርነት በኋላ «አንድ ደጋፊ ለአንድ ልጅ» የሚለው አሠራር በዓለም ተስፋፋ። ወደ ኢትዮጵያም የካቶሊክ ተራድኦ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1958 መጣ። በወሎው ረኀብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1973 የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበር ተቋቋመ። በዓመቱም የመጀመሪያው የኤስ.ኦ.ኤስ. የልጆች መንደር በመቀሌ ተከፈተ።

ከሁሉም ይልቅ ሁለት ምሳሌዎች ለከተሞቻችን ቅርብ ናቸው። የመጀመሪያው የወይዘሮ አበበች ጎበና ነው። በሱሉልታ በኩል በሚያልፈው መንገድ የሚደረስበት የሰሜን ሸዋ ልጅ የነበሩት ወይዘሮ አበበች፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በረኀብ የወደቀ ሕዝብ አዩ፤ ሁለት ልጆችም ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ወይዘሮ አበበች ትዳራቸውን አጥተው፣ ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። የውጭ ደጋፊዎች የመጡት ሥራው በዓይን ከታየና ድርጅቱ በሕግ ከተመዘገበ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ ብዙ ሺህ ሰዎች «እናታችን» ብለው አለቀሱላቸው።

ሁለተኛው በቡራዩ አቅራቢያ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ደስታ መንደር ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ለፊስቱላ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆስፒታል ቅርንጫፍ የሆነው ይህ ስፍራ፣ ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ላልዳነ ሴቶች መኖሪያ ሆኖ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተበት። ከገጠር የሚመረጡ ተማሪዎች በደጋፊዎች ወጪ ተምረው ወደ ገጠር እናቶች ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰው ድጋፍ የብዙዎች መዳኛ ይሆናል።

4. በጎው ነገር ሲበላሽ

የድጋፍ አሠራር ፍሬ እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በጓቲማላ፣ በቦሊቪያ፣ በሕንድና በፊሊፒንስ 10,144 ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ በልጅነታቸው ደጋፊ ያገኙ ሰዎች ካላገኙት ይልቅ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የበለጠ እንደ ተማሩ አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ጥፋትም ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የቺካጎ ጋዜጣ ጋዜጠኞቹን ወደ ተለያዩ አገሮች ልኮ ባደረገው ምርመራ፣ ከሞቱ ዓመታት ላለፋቸው ልጆች ገንዘብ ሲላክ እንደ ነበር አጋልጧል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ብቻ ሄደዋል። ከወላጆቹ አንዳንዶቹ «ልጃችሁ ተምሮ ይመለሳል፤ እናንተንም ይረዳል» ተብለው የፈረሙ ነበሩ። ስፖንሰር ያገኙ መስሏቸው ለዘለዓለም ልጃቸውን ሰጡ። ይህም ሆነ ሌሎች በደሎች ተደማምረው፣ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን በሕግ ከልክሏል። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ፣ ልጅን በዘመድና በጎረቤት ምስክርነት በግልጽ ተቀብሎ ማሳደግ ማለት እንደ ነበር ስናስታውስ ኀዘናችን ይበረታል። ዛሬም «ልጁን ወደ ውጭ አገር የሚወስድ አሳዳጊ አለ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ነገሩ ሕግን የሚጥስ መሆኑን እያንዳንዱ ወላጅ ማወቅ አለበት።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ እህል ላልተፈቀደለት ዓላማ ውሏል በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታውን ለወራት አቋረጠ። ጥፋቱን የሠሩት ሌሎች ሲሆኑ ፆሙን ያደሩት ግን ድሆች ናቸው። ያው ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም. በአገሩ መንግሥት ውሳኔ ሥራውን አቁሞ ተዘጋ፤ በብዙ የተራድኦ ሥራዎች ላይም ከባድ ጉዳት ደረሰ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ትምህርት እናገኛለን፦ ሒሳብ ሲበላሽ የሚጎዳው ድሀው ነው፤ በአንድ ደጋፊ ላይ ብቻ የቆመ ሥራም ደጋፊው ሲሄድ ይወድቃል።

5. የአገራችን ሕግ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከብዙ የሥራ መስኮች አግዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን አይመለከትም። ሆኖም የሃይማኖት ተቋም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲያቋቁም ድርጅቱ በአዋጁ መሠረት መመዝገብ ይኖርበታል። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የማኅበራዊና ልማት ኮሚሽን ያለውም ለዚሁ ነው። ቁምስናዎች የራሳቸውን መንገድ ከመክፈት ይልቅ በሀገረ ስብከቱ የልማት ጽሕፈት ቤት በኩል ቢሠሩ ሕጉንም ቀኖናውንም ያከብራሉ።

ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶች ስምና ማኅተም ተለውጧል። ስለዚህ በቀድሞው የልዩ ዞን ስም የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የሚዞር ሰው ካለ ደብዳቤው መቼ እንደ ተጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

6. እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለያ

በአንድ ደጋፊ ወይም አገናኝ ነኝ ባይ ላይ የሚከተሉት ይመርመሩ።

ሀ) አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ይጠርጠር። «ለመመዝገቢያ»፣ «ለፎርም»፣ «ለትርጉም» እያለ ከድሀ ብር የሚቀበል ሰው ዋስ ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ለ) ድርጅቱ የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ የታወቀ ጽሕፈት ቤትና ኀላፊ አለው ወይ? ወረቀቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሐ) ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ የባንክ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ? በግለሰብ ሒሳብ የሚገባ የሕዝብ ገንዘብ ባለአደራውን ለፈተና፣ ድሀውን ለኪሳራ ያጋልጣል።

መ) የልጁን ዋና የልደት የምስክር ወረቀት ለመውሰድ ወይም ወላጅ በማያነበው ቋንቋ እንዲፈርም ለማድረግ የሚጥር ሰው ካለ ነገሩ ወዲያው ይቁም። ወረቀቱ በወላጁ ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ተነቦ ይፈረም።

ሠ) ደጋፊው በድጋፉ ምትክ ሃይማኖት መለወጥን፣ የፖለቲካ ድጋፍን ወይም ከልጁ ጋር ብቻውን መገናኘትን ይጠይቃልን? ከእነዚህ አንዱን ከጠየቀ ስጦታው ቢበዛም አይቀበሉት።

7. እኛስ ለደጋፊ ምን እናቅርብ?

ደጋፊውን የምንመረምረውን ያህል እርሱም እኛን የመመርመር መብት አለው። መልካም የድጋፍ ጥያቄ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚረዱት ሰዎች እነማንና ስንት እንደሆኑ፣ እንዴትና በማን እንደ ተመረጡ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ ወጪው በዝርዝር፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያዋጣው፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምርና ድጋፉ ሲያበቃ ሥራው በምን እንደሚቀጥል ይገለጽበት። የቆሞሱና የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይታከልበት።

የተማሪዎቹን ምርጫ በሚመለከት፣ ቆሞሱ ወይም መምህሩ ብቻውን አይምረጥ። ከምእመናን፣ ከእናቶችና ከእድር ሽማግሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ይምረጥ። ካቶሊክ ያልሆነው ጎረቤታችንም ከቁጥር አይጉደል፤ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የተነገረው ለዚህ ነውና።

ስለ ገንዘብ ምንዛሪም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ደጋፊው በዶላር፣ እኛ በብር ስንነጋገር፣ ልዩነቱ ለልጁ እንጂ ለአስተዳዳሪው እንዳይሆን በጽሑፍ ይወሰን፤ ገንዘቡ የገባበት ቀንና ምንዛሪውም በመዝገብ ይስፈር።

ሪፖርቱ እውነት ይሁን። ልጁ ትምህርቱን ካቋረጠ ወይም ቤተሰቡ ሰፈር ከለቀቀ ይህንኑ እንጻፍ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ዛሬ የተሸሸገው ነገ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ የሚዘጋው በር ለሌሎቹም ልጆች ነው።

8. የተረጂው ክብር

ልጅ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሥዕል አይደለም። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶግራፍ አናንሣው፤ በቆሻሻ ልብስ እንዲቆም አናድርገው፤ የቤቱን አድራሻ ለማናውቀው ሰው አንስጥ። ልጁ ለደጋፊው የሚጽፈው ደብዳቤ የራሱ ይሁን እንጂ መምህሩ በልመና ቃል የደረሰው አይሁን። ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የታወቀች ከተማ ናት፤ ዐይነ ሥውሩ ተማሪ በትምህርት ራሱን ችሎ መምህርና የሕግ ባለሙያ ሲሆን ያየ ሕዝብ፣ ተረጂ ማለት ዐቅም የሌለው ማለት እንዳልሆነ ያውቃል።

9. የራሳችን ድርሻ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በፋብሪካና በአበባ እርሻ የሚሠሩ ምእመናን በወር ጥቂት ብር ቢያዋጡ፣ እድሮች ከመዋጯቸው ለአንድ ተማሪ ደብተርና ዩኒፎርም ቢያወጡ፣ በአካባቢው ያሉ ድርጅቶችም በደብዳቤ ቢጠየቁ፣ ከሩቅ ከሚመጣው በፊት በቅርብ ያለው ዋስ ይገኛል። የፓውሊን ዣሪኮ ሥራ የተጀመረው በአንዲት ሳንቲም እንደ ነበር አንርሳ። በራሱ ሳንቲም የጀመረ ቁምስና ለውጭ ደጋፊ ሲጽፍ እንደ ባልደረባ ይናገራል፤ ደጋፊው ቢሄድም ሥራው ፈጽሞ አይቆምም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቅዱስ ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን መዋጮ ብቻውን መያዝ ያልፈለገው ለምንድን ነው? በቁምስናችን የድሆችን ገንዘብ የሚይዙት ስንት ሰዎች ናቸው?

2. በድጋፍና በጉዲፈቻ መካከል ያለውን ልዩነት ለአንዲት ማንበብ ለማትችል እናት እንዴት እናስረዳለን?

3. ለተማሪ ደብተር የተሰጠ ገንዘብ ቢተርፍ ምን ይደረግ? ማንንስ እንጠይቅ?

4. ከቁምስናችን ምእመናን መዋጮ ብቻ በሚቀጥለው መስከረም ስንት ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ እንችላለን?

መደምደሚያ

እያንዳንዳችን በጥምቀታችን ቀን ዋስ የቆመልን ሰው ነበር። ያ ሰው ስሙን ሰጥቶ፣ በመሠዊያው ፊት ቆሞ፣ ቃል ገብቶልናል። ለድሀው ልጅም እንዲህ ያለ ዋስ ስንፈልግለት ስሙ የታወቀ፣ ቃሉ የጸና፣ ሒሳቡ የጠራ ይሁን። እኛም ለደጋፊው ስለ ልጁ፣ ለልጁም ስለ ደጋፊው የታመንን መካከለኞች እንድንሆን ቸሩ እግዚአብሔር ጥበቡንና ትዕግሥቱን ይስጠን። አሜን።